ለኢንዶስኮፒ ያስተኙኛል ወይስ ነቅቼ ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ ጽፈን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ጥያቄዎች ግን ስለ ባክቴሪያው አይደሉም፤ በአፍ ገብቶ ጨጓራን ስለሚያሳየው ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ስለ ኢንዶስኮፒ ናቸው። «ያማል?»፣ «ያስተኙኛል?»፣ «ተኝቼ ሳልነቃ ብቀርስ?» የሚሉ። እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። መጀመሪያ አገር ቤት፣ በኋላ ደግሞ አሜሪካ፣ ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉ በሙሉ የማደንዘዣ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስማችሁንም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከ6 ወር በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ተሠራሁ። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ነፉብኝ፣ ትንሽ ቆይተው ቱቦውን አስገቡት። እንባዬ እየፈሰሰ፣ ሊያስመልሰኝ እየታገለኝ ነው ያለቀው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ግን «እኔ ተኝቼ ተነሳሁ፣ ምንም አላውቅም» ትላለች። አሁን ድጋሚ ታዞልኛል፣ ሳስበው እንቅልፍ አጣለሁ። እኛ ላይ ነው እንዴ የሚጨከነው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እንባ መፍሰሱም፣ ማስመለሱም ያንቺ ድክመት አይደለም። ጉሮሮ ባዕድ ነገር ሲነካው የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። የነፉብሽ ሊዶኬይን የሚባል ማደንዘዣ ነው። ብዙ ጊዜ የሙዝ ቃና ይጨመርበታል፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ግን ምርር ይላል፣ ከዚያ ምራቅሽን ስትውጪ ጉሮሮሽ የሌለ ይመስልሻል። የሚያደነዝዘው ግን የነካውን ቦታ ብቻ ነው። ፍርሃቱን አይነካም። ጨጓራ በአየር ሲነፋ የሚሰማውን መወጠርም አያጠፋም።

እህትሽ የወሰደችው ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ምርመራ የሚሰጠውን እንደ ደረጃ አስቢው። የመጀመሪያው እርከን ያው ስፕሬዩ ብቻ ነው። ቀጥሎ በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ አለ፦ ብዙ ጊዜ ሚዳዞላም ነው፣ አገር ቤት ዳያዜፓምም ይሰጣል፣ አብሮት ደግሞ ፌንታኒል ወይም ፔቲዲን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ። ይሄ እንቅልፍ አይደለም። ድብት ይልሻል፣ ስምሽ ሲጠራ ግን ትመልሻለሽ፣ በራስሽ ትተነፍሻለሽ፣ በኋላ ደግሞ አብዛኛውን አታስታውሺውም። ከዚያ ፕሮፖፎል አለ። ወተት የመሰለ ነጭ መድኃኒት ነው። ክንድሽ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፣ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ትተኛለሽ፣ መስጠቱ ሲቆም ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ዓይንሽን ትገልጫለሽ። እህትሽ «ተኝቼ ተነሳሁ» ያለችው ይሄን ይመስለኛል። የመጨረሻው እርከን ሙሉ ማደንዘዣ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦ ገብቶ፣ ልክ እንደ ቀዶ ሕክምና።

ታዲያ ለምን ለእሷ ፕሮፖፎል፣ ላንቺ ስፕሬይ? ዋናው ምክንያት ጭካኔ አይደለም። ፕሮፖፎል ድብት ከማድረግ አልፎ ትንፋሽ እስከ ማቆም ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም። የመጠኑ ልዩነት ትንሽ ነው። ከዚህ የተነሳ ሌላ ምንም ሥራ የሌለው፣ ያንቺን ትንፋሽ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ «በሙሉ ማደንዘዣ የሠለጠነ፣ ምርመራውን ደግሞ ራሱ የማይሠራ ሰው ይስጠው» ይላል። ጀርመንና ስዊዘርላንድ ላይ ለዚሁ ተብለው የሠለጠኑ ነርሶችና የጨጓራ ሐኪሞችም ይሰጡታል፤ የጀርመን መመሪያም ቢሆን ጠባቂው ከቱቦው ሥራ የተለየ ሰው ይሁን ይላል። አገር ቤት የሰመመን ባለሙያ ጥቂት ነው። ያለውም ኦፕራሲዮን ክፍል ነው የሚፈለገው፣ ምጥ የጠናባት እናት እየጠበቀችው። ለ10 ደቂቃ ምርመራ ከዚያ ማምጣት ብዙ ቦታ አይቻልም።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጠባቂ በሌለበት ከሚሰጥ እንቅልፍ ስፕሬዩ ይሻላል። ይሄን የምለው ሥቃይሽን አቃልዬ አይደለም። የትንፋሽ ማቆም ድምፅ የለውም። ሰውየው አይጮህም፣ አይፈራገጥም፣ የተኛ ነው የሚመስለው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጥሩ ከሆነ ቀጭን «ቲጥ ቲጥ» ይላል፣ ኦክስጅን ሲወርድ ድምፁም አብሮ እየወፈረ ይወርዳል። እኔ ዛሬም ቤቴ ቁጭ ብዬ እንደዚያ የሚወርድ ድምፅ ከሰማሁ ብድግ እላለሁ። መለኪያው እንኳ የሚናገረው ዘግይቶ ነው፤ ትንፋሽ ከቆመ በኋላ ኦክስጅን ለመውረድ ጊዜ ይወስድበታል፣ በተለይ ኦክስጅን አፍንጫ ላይ ተደርጎ ከሆነ። ለዚያ ነው በሚወጣው አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ ባለበት ቦታ የሚጨመረው። እሱ ትንፋሹ በቆመበት ቅጽበት ያሳያል።

ግን «እንግዲህ ቻይው» ብዬ አልሸኝሽም። ማረጋጊያ ቅንጦት አይደለም። መጀመሪያ የተሠቃየ ሰው ሁለተኛ ሲታዘዝለት ይቀራል፣ ሲቀር ደግሞ ሊታይ የሚገባው ነገር ሳይታይ ይቆያል። ስለዚህ ከቀጠሮሽ በፊት ሂጂና ጠይቂ። «ባለፈው በጣም ተሠቃይቻለሁ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማረጋጊያ አለ?» በይ። ካሉሽ ደግሞ ቀጥይ፦ የሚሰጠው ማነው? ምርመራው እስኪያልቅ እኔን የሚያይ ሰው አለ? የጣት መለኪያና ኦክስጅን ክፍሉ ውስጥ አለ? መድኃኒቱ ቢበዛብኝ ማርከሻው አለ? ሚዳዞላምና ዳያዜፓም ፍሉማዜኒል የሚባል ማርከሻ አላቸው፣ ፌንታኒልና ፔቲዲን ደግሞ ናሎክሶን። ፕሮፖፎል ማርከሻ የለውም፤ የሚያድነው ሰው ነው፣ እስኪለቅ ድረስ የሚያስተነፍስ ሰው። ይሄን መጠየቅ ሐኪም መዳፈር አይደለም። ደህና ባለሙያ ደስ ብሎት ይመልስልሻል።

ስፕሬዩ ብቻ ከሆነ ያለው ደግሞ እንዲህ አድርጊ። ስፕሬዩ እንዲሠራ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁልኝ በይ። በግራ ጎንሽ ስትተኚ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ጠጋ አድርጊው። ምራቅሽን አትዋጪ፣ በጉንጭሽ በኩል ይፍሰስ፣ ፎጣ ያደርጉልሻል። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ ማስወጣቱን አርዝሚው። ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ያዢና እሱን እያየሽ ቆይ። እጅሽን የሚይዝ ሰውም ለምኚ። አገር ቤት ስሠራ ያየኋቸውን አንዲት እናት አልረሳቸውም። ማረጋጊያ አልነበረንም። የነጠላቸውን ጫፍ በአንድ እጃቸው፣ የነርሷን ጣቶች በሌላው ጨብጠው ነበር። ነርሷ ጆሮአቸው ሥር ዝቅ ብላ «አሁን በአፍንጫ... አሁን አስወጡ... ግማሽ ደርሰናል እማማ» እያለች ቆጠረችላቸው። 6 ደቂቃ ፈጀ። ሲያልቅ ነርሷን ሳሟት። መድኃኒቱ ያው ስፕሬይ ነበር፣ ልዩነቱ ያቺ ልጅ ነበረች።

ሌላም አማራጭ ልጠቁምሽ። በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለ። የተለመደው ወፍራሙ ወደ 9 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው፣ ቀጭኑ ከ5 እስከ 6። ምላስ ሥር ስለማይነካ ማስመለሱ በጣም ይቀንሳል፣ እየተሠራሽ መናገርም ትችያለሽ። በየቦታው ባይኖርም መጠየቁ አይጎዳም። ደግሞ ከስፕሬዩ በኋላ ጉሮሮሽ እስኪመለስ ወደ 1 ሰዓት ያህል ምንም አትቅመሺ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ፉት በይና ሞክሪ። ትኩስ ቡና በደነዘዘ ጉሮሮ አይጠጣም፣ ያቃጥላል፣ ወደ ሳንባም ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። እኔ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው ያሉት። ኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ትልቁን አንጀት ማየት) ታዟል፣ «በፕሮፖፎል እናስተኛቸዋለን» አሉ። አባቴ ማይክል ጃክሰንን የገደለው እሱ ነው ብለው እምቢ አሉ። ሲያንኮራፉ ቤቱ ይናወጣል፣ ስኳርም አለባቸው። ልግፋፋቸው ወይስ ልተው? (ልጃቸው)

መልስ፦ አባትህ የሰሙት እውነት ነው። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. ሰኔ 2009 የሞተው በፕሮፖፎል ነው፣ ሌሎች ማረጋጊያዎችም ተጨምረውበት። ግን የት ነው የሞተው? መኝታ ቤቱ። ለምን ተሰጠው? እንቅልፍ አጥቶ እንዲተኛበት። መድኃኒቱ ለዚያ አይደለም የተሠራው። አጠገቡ የሚገባው መሣሪያ አልነበረም፣ ሁልጊዜ ዓይኑን ጥሎ የሚጠብቀውም ሰው አልነበረም። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ተፈርዶበታል። እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ መድኃኒቱ አንድ ነው፣ ክፍሉ ግን አንድ አይደለም።

ይሄን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያገኘው ጆን ግሌን የሚባል ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ቅመም አለርጂ እያስነሳ ስላስቸገረ በአኩሪ አተር ዘይትና በእንቁላል አስኳል ቅባት እንደገና ተዘጋጀ። ነጭ የሆነውም በዚያ ነው። በ1986 በአዲሱ መልክ ወጣ፣ ግሌንም እ.ኤ.አ. በ2018 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት ተሸልሞበታል። (እንቁላል የማይስማማችሁ ጠይቃችሁኛል። የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እንደሚለው የእንቁላል ወይም የአኩሪ አተር አለርጂ ፕሮፖፎልን አይከለክልም። ግን ተናገሩ።) ዛሬ ለኮሎኖስኮፒ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከሚዳዞላምና ፌንታኒል ጋር ሲወዳደር ሰው ቶሎ ይነቃል፣ ቶሎ ቤቱ ይሄዳል፣ በኋላም የበለጠ ደስተኛ ነው። በተለመደው ምርመራ ላይ በልብና በትንፋሽ በኩል የሚያመጣው ችግር ከነባሩ ዘዴ በልጦ አልታየም፣ በአግባቡ ከተሰጠ።

አሁን ወደ አባትህ ልመለስ። እኔን የሚያሳስበኝ ፕሮፖፎሉ ሳይሆን ማንኮራፋታቸው ነው። ቤት የሚያናውጥ ማንኮራፋት፣ በተለይ መሀል ላይ ጸጥ ብለው እንደገና «ህህ» ብለው የሚስቡ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መዘጋት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በየትኛውም መድኃኒት ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል። ፕሮፖፎሉ ቀርቶ በሚዳዞላምና ፌንታኒል ይሁን ማለቱ መፍትሔ አይደለም፤ ሁለቱ ተደራርበው ትንፋሽ ያዳክማሉ፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ይቆያሉ። እንደውም ለእሳቸው ዓይነት ሰው የሰመመን ባለሙያ አጠገብ መኖሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ስለዚህ ስልክ ደውልና «አባቴ በጣም ያንኮራፋሉ» በል። ማታ የሚያደርጉት የመተንፈሻ ማስክ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ስኳሩም መነገር አለበት። የጾም ቀን ኢንሱሊኑ ወይም ክኒኑ እንዴት እንደሚሆን አስቀድመው ይንገሯችሁ። ኦዜምፒክ ወይም መሰል የስኳር መርፌ የሚወስዱ ከሆነ ጮክ ብለህ ተናገር! ምግብን ጨጓራ ውስጥ ያቆያል፣ ለተኛ ሰው ደግሞ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይቀጥሉ ወይ ያቁሙ የሚለውን እነሱ ይወስናሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንተ ሥራ ላይ ብትሆንም ባትሆንም አስተርጓሚ ጠይቅላቸው። ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አባት ልጃቸው ፊት ስንት ብርጭቆ እንደሚጠጡ አይናገሩም። ለእኛ ደግሞ ያ ነው የሚያስፈልገን። በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በተለመደው የሚዳዞላም መጠን አይረጋጋም፣ ብዙ ይፈልጋል። ጫት የሚቅም ሰው የልብ ምቱና ግፊቱ ከፍ ብሎ ይመጣል። ማንም አይፈርድም፣ መጠኑን እንድናስተካክል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የተሠራሁት። «ትንሽ እናደነዝዝሻለን» ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን መሀል ላይ ሕመሙን አስታውሳለሁ። ደግሞ ነርሷ ስታወጣኝ እየሳቀች «ብዙ አወራሽ» አለችኝ። ምን አውርቼ ይሆን? አፈርኩ። ሚስጥር ያስወጣል? (አንባቢ)

መልስ፦ የወሰድሽው ሚዳዞላም ይመስለኛል። በ«ትንሽ እናደነዝዝሻለን» እና በ«እናስተኛሻለን» መካከል ያለውን ልዩነት በደንብ አላስረዱሽም፣ ይሄ የእኛ የባለሙያዎች ጥፋት ነው። ሰው «ማደንዘዣ» ሲባል ጭልጥ ብሎ መተኛት ይመስለዋል፣ መሀል ላይ ሲሰማው ደግሞ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። በዚያ ደረጃ ትሰሚያለሽ፣ «ዙሪ» ስትባዪ ትዞሪያለሽ። ሚዳዞላም የሚያደርገው ዋናው ነገር ትዝታ እንዳይቀረጽ ማድረግ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ቁርጥራጭ ትዝታ ይቀራል። አንዳንዴም ሰው እያመመው አቃስቶ፣ ሲነቃ «ምንም አልተሰማኝም» ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔ ይሄ ምቾት አይሰጠኝም። ስለረሳው አላመመውም ማለት አይደለም። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት «ካመመኝ እጄን አነሳለሁ፣ ጨምሩልኝ ወይም ቁሙልኝ» ብለሽ ተስማሚ። በሚቀጥለው ጊዜም «ባለፈው ሕመሙ ትዝ ይለኛል» በያቸው፣ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይለውጣሉ።

ወሬውን በተመለከተ፦ አዎ፣ ምላስ ይፈታል። እውነት የሚያስወጣ መድኃኒት ግን አይደለም። የምንሰማው አብዛኛው «ስንት ሰዓት ነው? አለቀ?» የሚል ነው፣ አንዱን ጥያቄ አምስት ጊዜ። አንዳንዱ እናቱን ይጠራል፣ አንዳንዱ የሥራ አለቃውን ይሰድባል፣ ያንቺን ደግሞ በአማርኛ ከሆነ ያወራሽው ነርሷም አልገባትም ይሆናል። የተባለው ሁሉ የሕክምና ሚስጥር ነው። መሳቋ ልክ አልነበረም። እፎይ በይ።

ጥያቄ፦ ሹፌር ነኝ፣ ዴንቨር። 47 ዓመቴ ነው፣ ኮሎኖስኮፒ አድርግ ተባልኩ። የሚያጅበኝ ሰው የለኝም፣ አንድ ቀን ደግሞ ከሥራ ብቀር ኪራይ አለ። ሳልደነዝዝ ተሠርቼ በዚያው ወደ ሥራ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ኖርዌይና ፊንላንድ ውስጥ ብዙ ሰው ኮሎኖስኮፒ የሚሠራው ያለ ማደንዘዣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብርቅ ነው፣ ግን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ከቀጠሮው በፊት «ያለ ማደንዘዣ ትሠራለህ ወይ? ልምድ አለህ?» ብለህ ጠይቅ። የዕለቱ ዕለት ጠዋት አትጠይቅ።

ምን እንደሚጠብቅህ ልንገርህ። አንጀት ሲቆረጥ አይሰማውም፤ እባጭ ቢያገኙና ቢያወጡት ምንም አታውቅም። የሚያመው መወጠሩ ነው። አንጀት በአየር ሲነፋ፣ ቱቦው ደግሞ በግራ በኩል ያለውን ጠመዝማዛ ሲገፋ፣ ኃይለኛ ቁርጠት ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቅ። በአየር ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠቀማሉ? ቶሎ ስለሚመጠጥ የሆድ መነፋቱ ይቀንሳል። በውኃ እየሞሉ የመግባት ዘዴስ ያውቃሉ? በእሱ ሕመሙ በጣም ያንሳል። ቀጭን ሰው፣ ከዚህ በፊት የማሕፀን ኦፕራሲዮን የተደረገላት ሴት፣ በጣም የሚፈራ ሰው ይከብደዋል፤ ለእነሱ አልመክርም። ካኑላውን (መድኃኒት የሚሰጥበትን የደም ሥር ቱቦ) ግን ክንድህ ላይ ያስገቡልህ። ካልቻልክ «በቃኝ፣ ስጡኝ» ትላለህ፣ ማንም አይወቅስህም።

አንድ ጠብታ ማረጋጊያ ከወሰድክ ግን ነገሩ አለቀ። 24 ሰዓት አትነዳም። «ነቅቻለሁ፣ ደህና ነኝ» የሚሰማህ ስሜት ራሱ ያታልልሃል። ሚዳዞላም ከደምህ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ፍሬን ላይ የምትደርስበት ፍጥነት ያንተው አይደለም። ተሳፋሪ ይዘህ ከሆነ ደግሞ አስበው። ታክሲ ጠርቶ ብቻውን የሚሄድንም ሰው ብዙ ቦታ አይለቁም፣ የሚረከብህ አዋቂ ሰው ይፈልጋሉ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወንድሞችህን ጠይቅ፣ የዕቁብ ጓደኛህን ጠይቅ። ሁለት ሰዓት ነው። ሰው እንዲህ ላለው ነገር እምቢ አይልም፣ እኛ ለመጠየቅ እናፍራለን እንጂ።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አላችሁ። እየተሳበ የሚወሰድ ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድና ኦክስጅን እኩል ለእኩል፣ በወሊድ ክፍል የሚሰጠው ዓይነት። ቁርጠቱ ሲመጣ ራስህ ትስበዋለህ፣ ስታቆም በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅሃል።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ሳንቲም ውጦ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ሙሉ ማደንዘዣ ሰጥተው፣ መተንፈሻ ቱቦ አስገብተው አወጡለት። ለ5 ደቂቃ ሥራ ይሄን ያህል? አልበዛም? (አባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልበዛም፣ ትክክል ነው የሠሩት። ሳንቲሙ ሲወጣ ቢያመልጣቸው የሚወድቀው የአየር ቧንቧ ላይ ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ያንን መንገድ ይዘጋል። ልጅ ደግሞ «በአፍንጫህ ተንፍስ» ብትለው አይሰማህም። አዋቂም ቢሆን ደም እያስመለሰ ከመጣ ወይም ሥጋ ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው የሚደረገው። የሐሞት ቧንቧ ጠጠር ለማውጣት በሚደረገው ረጅሙ ኢንዶስኮፒም ብዙ ቦታ ይመረጣል። ልጅህ ስለተረፈ ደስ ብሎኛል። ለሌሎች ወላጆች ግን፦ የተዋጠው ሳንቲም ሳይሆን ክቡ የሰዓት ባትሪ ከሆነ አትጠብቁ፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ያቃጥላል። በሌሊትም ቢሆን ሩጡ።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነኝ። ኮሎኖስኮፒው ነጻ ነው ተብዬ ነበር፣ በኋላ የማደንዘዣ ሂሳብ ብቻውን መጣብኝ። ልክፈል?

መልስ፦ ቶሎ አትክፈይ። ምንም ሕመም ሳይኖርሽ በዕድሜሽ የታዘዘ ቅድመ ምርመራ ከነበረ፣ የግል ኢንሹራንስሽም ኦባማኬር በሚባለው የጤና ሕግ ሥር ከሆነ፣ ሐኪሙ ያስፈልጋል ያለው ማደንዘዣም የምርመራው አካል ነው፣ ካንቺ አይጠየቅም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህንን በግልጽ አስቀምጦታል። የሰመመን ባለሙያው ከኢንሹራንስሽ ውጪ ስለሆነ ነው ካሉሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራው ያልተጠበቀ ሂሳብ መከላከያ ሕግ አለ። ኢንሹራንሱ ጋ ደውይና «ይሄ ቅድመ ምርመራ ነበር፣ ሂሳቡ ላይ የተጻፈውን የምርመራ ኮድ ተመልከቱልኝ» በይ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ኮዱ ላይ ነው። ለሕመም የታዘዘ ከነበረ ግን ሕጉ ይለያል፣ ድርሻሽን ልትከፍዪ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ እማዬ ለኢንዶስኮፒ «ጾመሽ ነይ» ተብለው ጠዋት ተልባ ጠጥተው ሄዱ። «ጨጓራ ያለዝባል፣ ምግብ አይደለም» ብለው። ቀጠሮው ተሰረዘ። ተልባ ይጾማል?

መልስ፦ እናትሽን አትቆጪያቸው፣ ያልነገርናቸው እኛ ነን። «ጾመሽ ነይ» ማለት ለእኛ እናቶች ፍስክ አለመብላት ሊሆን ይችላል። ለማደንዘዣ ግን ሌላ ሂሳብ አለው። ዓይን አሳልፎ የሚያሳይ ነገር፣ ማለትም ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ ወይም ቡና፣ በአጠቃላይ ሕጉ ለምርመራው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ቀለል ያለ ምግብና ወተት 6 ሰዓት ይፈልጋል። ቅባት ያለበት፣ ቁርጥ፣ ዶሮ ወጥ፣ 8 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ። ተልባ፣ አብሽ፣ በሶ፣ አጃ ሁሉም ምግብ ናቸው። ተልባ ደግሞ ይባስ ብሎ ወፍራምና የሚያሟልጭ ስለሆነ የጨጓራን ግድግዳ ይሸፍናል፣ ሐኪሙም የሚያየው ነገር ያጣል። የሄዱበት ቦታ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከሰጣቸው የእሱን ይከተሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ጠዋት የሚወስዱት የደም ግፊት ክኒን አለ? ብዙ እናቶች «ጾሚ» ሲባሉ እሱንም ይተዉታል፣ ግፊታቸው ጣሪያ ነክቶ ይመጣሉ፣ ቀጠሮው እንደገና ይሰረዛል። አብዛኛውን የግፊት ክኒን በአንድ ጉንጭ ውኃ መዋጥ ይቻላል፣ የትኛውን እንደሚውጡ ግን ስልክ ደውለሽ ከአዲሱ ቀጠሮ በፊት አረጋግጪ።